«ሮባስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትርጉም ስሠራም ሆነ ከወዳጆች ጋር ስጫወት እየተመላለሰ የሚጠየቅ ቃል ስለሆነ መልሶቹን አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሮባስት» ምን ማለት ነው?

ባጭሩ ብርቱ፣ ጠንካራ፣ በቀላሉ የማይናወጥ ማለት ነው። ለሰው ሲባል ጤነኛና ጉልበት ያለው ይሆናል። ለዕቃ ሲባል ቢወድቅ፣ ቢጎተት፣ ዝናብ ቢመታው የማይበላሽ። ለሐሳብ ወይም ለማስረጃ ሲባል ደግሞ በጥያቄ ቢያጣድፉት የማይፈርስ።

አንድን ነገር ሮባስት የሚያሰኘው መምታት መቻሉ አይደለም፤ ሲመቱት መቆሙ ነው። ይህቺን ከያዛችሁ የቀሩት መልሶች ሁሉ ይቀሏችኋል።

እንዴት ነው የሚነበበው?

ሮ-ባስት። «ባ»ን ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ባስ ስትሉ እንደምታሰሙት አሰሟት። አንዳንድ አሜሪካውያን ክብደቱን «ሮ» ላይ ያሳርፉታል፤ እሱም ትክክል ነው። አጻጻፉን አይተው «ሮቡስት» የሚሉ ብዙ ናቸው። «ቡ» የምትመጣው የቡናው ስም ላይ፣ ሮቡስታ ስንል ነው።

«ስትሮንግ» የሚል ቃል እያለ «ሮባስት» ለምን አስፈለገ?

እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለት ሦስት ቃል ማስቀመጥ ይወዳል። «ስትሮንግ» ከጥንቱ የጀርመን ዘር ቋንቋዎች የወረሰው የቤት ልጅ ነው። «ሮባስት» ከላቲን የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው ግን ሥራ አላጣም፤ የራሱን ቦታ ያዘ።

ልዩነቱን ለማየት ቢጫዋን ጄሪካን አስቡ። ከአህያ ጀርባ ትወድቃለች። ከቧንቧ እስከ ቤት በድንጋይ ላይ ትጎተታለች። ፀሐይ ላይ ትውላለች፣ ክዳኗ ጠፍቶ በላስቲክ ይወተፋል፣ ጠዋት ደግሞ ወረፋ ላይ ናት። እሷ ሮባስት ናት። አንድ ቡጢኛ ግን ሲመታ የሚጥል ከሆነ «ስትሮንግ» ነው የሚባለው። ነፋስም፣ ሻይም፣ ሽታም «ስትሮንግ» ይሆናል። «ሮባስት ነፋስ» የሚል እንግሊዛዊ አታገኙም፤ ነፋስ መቺ እንጂ ተመቺ አይደለምና።

በአማርኛ አንድ ቁርጥ ያለ ቃል የለውም?

የለውም። በየቦታው ሌላ ቃል ይፈልጋል፤ እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። ለሰው ከሁሉ የሚቀርበው «ብርቱ» ነው። ሰማንያ የሞላቸው አዛውንት ከገበያ በእግራቸው ሲመለሱ «አሁንም ብርቱ ናቸው» እንላለን፤ እንግሊዛዊው እዚያ ላይ «ሮባስት» ይላል። ለዕቃ፣ ለሕንፃ፣ ለክርክርና ለማስረጃ «ጠንካራ» ይበቃል። ለአሠራርና ለማሽን «አስተማማኝ» ብዙ ጊዜ ከ«ጠንካራ» ይሻላል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከሦስት ቃላት ነው። «ኃይለኛ» ለሰው ሲባል ቁጡ፣ የማይቀመስ ሰው ይሆናል። «ጉልበተኛ» ደካማውን የሚገፋ ሰው ነው። «ጽኑ» ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ጽኑ እምነት ሲባል ደስ ይላል፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍልና ጽኑ እስራት ሲባል ግን ጥንካሬው የሰውየው ሳይሆን የያዘው ነገር ነው። ይህን ፊቱን አትርሱት፤ ላቲኑም እንዲሁ ነበረው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከዛፍ። ላቲን «ሮቡር» ይላል፤ ኦክ የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ጠንካራ እንጨት ማለት ነው። ከዚያ «ሮቡስቱስ» መጣ፤ ከኦክ የተሠራ፣ እንደ ኦክ የጠነከረ ማለት ነው። የስዊድኑ ሊቅ ሊንየስ በ1753 ለዛፉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ኩዌርከስ ሮቡር» አለው። ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ኦክ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። መቶ ዓመት ለእሱ ጉርምስና ነው። መሃሉ ጠቆር ብሎ ይጠጥራል፣ ውኃም በቀላሉ አይገባውም። እንግሊዞች መርከብ የሠሩት በእሱ ነበር። በ1765 ባሕር ላይ የወረደችው ቪክቶሪ የተባለችው የጦር መርከባቸው 6,000 ያህል ዛፍ ፈጅታለች፤ አብዛኛው ኦክ ነው። መርከቧ ዛሬም ፖርትስመዝ ወደብ ላይ ትታያለች። አንድ ሕዝብ ነፍሱን ለእንጨት አደራ ሰጥቶ ባሕር ከተሻገረ፣ የእንጨቱ ስም የጥንካሬ ስም ቢሆን አይገርምም።

አንዳንድ የቋንቋ አጥኚዎች አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። «ሮቡር» ከቀይ ቀለም ስም ጋር ይዛመዳል ይላሉ፤ የኦክ መሃሉ ቀላ ስለሚል። ቀዩን እዚህ ጋ ያዙልኝ፣ ቡናው ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ኦክ እኛ አገር አለ?

በተፈጥሮ የሚበቅል የለም። ግራቪሊያን እንግሊዞች «የሐር ኦክ» ይሉታል፤ ግን የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ ከኦክ ጋር ዝምድና የለውም። ለዚህ ይመስለኛል «እንደ ኦክ ጠንካራ» የሚለው ሲተረጎም ልባችንን የማይነካው። በእኛ ጆሮ የኦክን ቦታ የሚይዘው ወይራ ነው። የወይራ ዱላ ይዞ የቆመን ሰው ማንም በቀላሉ አይነካውም።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ይህ ገጥሟቸዋል። ዘፍጥረት 18 ላይ እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ የመምሬ ኦክ የሚለውን እነሱ «የመምሬ የአድባር ዛፍ» አሉት። የዛፉን ዘር ትተው ክብሩን ወሰዱ። ከአንድ መንደር በላይ ዕድሜ ያለው፣ ሰው ከሥሩ የሚሰበሰብበት ዛፍ። እኔ ካየኋቸው የትርጉም ውሳኔዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ለሮማውያን «ሮቡር» ጥንካሬ ብቻ ነበር?

አይደለም። የጦር ሠራዊቱ ምርጥ ክፍል «ሮቡር» ይባል ነበር። ገጣሚው ሆራስ ደግሞ መጀመሪያ ቀጭን ታንኳ ይዞ አስፈሪ ባሕር የገባው ሰው ደረቱን ኦክና ሦስት ድርብ ነሐስ ከቦት ነበር ብሏል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እስር ቤቱ ነው። በሮም ከተማ ወኅኒ ውስጥ ወንጀለኞች ቁልቁል የሚወረወሩበት የታችኛው ጨለማ ክፍል ስሙ «ሮቡር» ነበር። ጥንታዊ ጸሐፊ እንደሚያስረዳው ቀድሞ እስረኞች ከኦክ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይዘጉ ስለነበር ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፦ እዚያ «ሮቡር»፣ እዚህ «ጽኑ እስራት»። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች የማይነቃነቅን ነገር አይተው አንዴ ለምስጋና፣ አንዴ ለቅጣት ተጠቀሙበት።

እንግሊዝኛ ውስጥ መቼ ገባ? ያኔም ሙገሳ ነበር?

በ1500ዎቹ አጋማሽ ነው የገባው። ሙገሳነቱ ግን ወዲያው አልጸናም። ወንድም ቃል ነበረው፤ «ሮባስቲየስ»። እሱ ጯሂ፣ ግርግር የሚያበዛ፣ ጋጠወጥ ማለት ነበር። ሼክስፒር በ1600 አካባቢ በጻፈው ሐምሌት ላይ ልዑሉ ተዋንያኑን ሲመክር፣ ዊግ ያጠለቀ «ሮባስቲየስ» ሰውዬ መድረክ ላይ ጮሆ ስሜትን ሲበጣጥስ ማየት ነፍሴን ያቆስላታል ይላል። በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ያሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት «ሮባስት»ን ብርቱና ጅማታም ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ ጯሂ፣ ኃይለኛ፣ ለመያዝ የማይመች የሚል ትርጉም ያክልበታል። «ሮባስቲየስ» ደግሞ በተራ ሰው አነጋገር ብቻ፣ ያውም ለንቀት የሚነገር ነው ይላል።

በ1757 ደግሞ ኤድመንድ በርክ የሚባለው አየርላንዳዊ ስለ ውበት ሲጽፍ ቃሉን ከውበት ሰፈር አስወጣው። የሮባስትነት መልክ ውበትን ይጎዳል አለ። ኦክንና ሌሎቹን የጫካ ብርቱ ዛፎች አይተን «ግርማቸው ያስፈራል» እንላለን እንጂ «ያምራሉ» አንልም፤ «ያምራሉ» የምንለው ጃስሚንን፣ ወይንን፣ ለስላሶቹን ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ አልስማማም፤ አድባር ሥር ተቀምጦ ያደገ ሰውም የሚስማማ አይመስለኝም። ግን በዘመኑ የብዙዎች ዓይን ነበር። ሮባስት ማለት ጭሰኛው፣ ጉልበት ሠራተኛው ነው፤ ጨዋ ሰው ስስና ለስላሳ ነው።

ቃሉ በኋላ ጠባዩ ተለወጠ። ጯሂነቱን ለወንድሙ ትቶ፣ ወንድሙም ከጆሮ ሲጠፋ፣ ጤናና አስተማማኝነቱን ይዞ ቀረ።

ሰውን ሮባስት ብለው ያስቀይማል?

ስለ ጤናው ከሆነ አያስቀይምም። በተለይ ስለ አረጋዊ ወይም ከሕመም ስለተነሣ ሰው ሲባል ደስ የሚያሰኝ ነው። ስለ ሰውነት ቅርጽ ሲባል ግን ጠንቀቅ በሉ። ወፍራም ላለማለት «ሮባስት» የሚሉ አሉ፤ ጣልያንኛም በራሱ ቃል እንዲሁ ያደርጋል። «ደልደል ያለች» እንደምንለው ማለት ነው። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል መሰለኝ» ሙገሳ ሆኖ ኖሯል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሴትን ግን በዚህ ቃል ለማሞገስ አትሞክሩ።

ሌላው የሲቪ ነገር ነው። «ሮባስት ልምድ አለኝ» ብሎ መጻፍ እየተለመደ ነው። ስህተት አይደለም፤ ግን ምንም አይናገርም። «ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ» ይበልጣል።

የቡና ከረጢት ላይ «ሮባስት» ከተጻፈ ሮቡስታ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከረጢት ላይ «ሮባስት» የሚለው ስለ ጣዕሙ ነው። ወፈር ያለ፣ አፍ የሚሞላ፣ ወተት ቢጨመርበት እንኳ የማይጠፋ ማለታቸው ነው። ውስጡ መቶ በመቶ አራቢካ ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቼ ይህችን ቃል አይተው ከረጢቱን መልሰው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ዘሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከፊት ያለውን ትልቁን ቃል ትታችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ። «አራቢካ» ወይም «ሮቡስታ» የሚለው ካለ እዚያ ነው የሚገኘው።

ታዲያ ሮቡስታ ቡና ለምን ሮቡስታ ተባለ?

ስላልሞተ ነው። በ1869 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የቡና ቅጠል ዋግ ታየ። ቅጠሉ ከሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጣት ቢያስነኩት ይቀባል። ከዚያ ይረግፋል፣ ዛፉም እያደር ይደክማል። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት የሲሎን ቡና አለቀና ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ። ዋጉ ጃቫም ገባ። ያኔ በየቅኝ ግዛቱ የተተከለው አራቢካ ነበር፤ ዘሩ ጠባብ ስለነበር አንዱን የመታ ሁሉንም መታ።

በ1900 አካባቢ አንድ የብራስልስ የችግኝ ድርጅት ከኮንጎ የመጣ ሌላ ቡና «ሮቡስታ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። ሳይንሳዊ ስሙ ኮፊያ ካኔፎራ ነው። ቆላ ይችላል፣ ሙቀት ይችላል፣ ዋጉንም ይችላል። ካፌይኑ የአራቢካን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ መራራነቱ ከዚያም ጭምር ይመጣል። ወደ ጃቫ ተወስዶ ሥር ሰደደ። ዛሬ በብዛት የምታመርተው ቬትናም ናት።

ቅድም ቀዩን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሮማውያን የእህል ዋግን «ሮቢጎ» ይሉት ነበር፤ ከዚያው ከቀዩ ቀለም ስም የወጣ ነው። ዋጉ እህላቸውን እንዳይበላባቸው በየዓመቱ አፕሪል 25 በዓል አድርገው ውሻ ይሠዉ ነበር። እነዚያ አጥኚዎች ልክ ከሆኑ፣ ዋግን የቻለው ቡናና ዋጉ ራሱ ስማቸው ከአንድ ቀይ ሥር ነው የበቀለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን። አራቢካ የተወለደው ከሁለት የቡና ዝርያዎች መዳቀል ነው። አንደኛው ወላጅ ዩጄኒዮይደስ ይባላል። ሌላው ይኸው ካኔፎራ ነው። ሮቡስታ 22 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር) አለው፤ አራቢካ የሁለቱንም ወላጆች ስለያዘ 44። ስለዚህ «ያ ርካሽ ቡና» ብለን የምንንቀው የጀበናችን ቡና ወላጅ ነው።

ሉሲ ሮባስት ናት?

አይደለችም። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው፤ የቅድመ ሰው ተመራማሪዎች ቃሉን በጠባብ ትርጉም ስለሚጠቀሙበት። በ1938 ሮበርት ብሩም የተባለ ተመራማሪ ደቡብ አፍሪካ፣ ክሮምድራይ ላይ የተገኘ ቅሪተ አካል ይዞ «ፓራንትሮፐስ ሮቡስተስ» አለው። መንጋጋው ግዙፍ፣ የመንጋጋ ጥርሶቹ ሰፋፊ፣ ጉንጩ ወጣ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉት ሁሉ «ሮባስት»፣ ቀጠን ያሉት ደግሞ «ግራሳይል» ተባሉ። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነው የምትመደበው።

እኛም የራሳችን ሮባስቶች አሉን፤ ብዙ አይወራላቸውም እንጂ። በ1967 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከታችኛው ኦሞ ሸለቆ ጥርሶቹ የረገፉ መንጋጋ አገኙ። ዝርያው ዛሬ «ኢትዮፒከስ» የሚለውን የአገራችንን ስም ይዟል። ከኮንሶ ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው «ቦይሴይ» የተባለው ሮባስት ዝርያ ራስ ቅል ወጥቶ በ1997 ለዓለም ተነግሯል።

ስሙን ሰምታችሁ ግን ግዙፍ ፍጡር አታስቡ። ሮባስት የተባለው መንጋጋውና ጥርሱ እንጂ ቁመናው አይደለም። ጠንካራ ነገር ሲያኝክ ለመዋል የተሠራ አፍ ነው።

ሪፖርት ላይ «ሮባስት ዕድገት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠንካራ ዕድገት፤ በአንድ ጥሩ ዝናብ ወይም በአንድ ምርት ላይ ያልተንጠለጠለ ማለት ነበር። አሁን ግን ብዙ ጊዜ «ጥሩ ነው» ከማለት አይዘልም። ስትተረጉሙ «ጠንካራ» በሉና እለፉ። ቁጥሩ ከጎኑ ከሌለ ቃሉን ብዙ አትመኑት።

በስታቲስቲክስና በሶፍትዌርስ?

እዚህ ቃሉ እውነተኛ ሥራ ይሠራል። በ1953 ጆርጅ ቦክስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ የተነሣበት ግምት ትንሽ ቢዛነፍም ውጤቱ የማይዛባን ዘዴ ለመግለጽ ተጠቀመበት። በብር እንየው። አምስት ሰዎች ደመወዛቸው 8,000፣ 9,000፣ 10,000፣ 11,000 እና 500,000 ነው እንበል። አማካዩ 107,600 ብር ይመጣል። ከአምስቱ አንድም ሰው ወደዚያ የሚጠጋ አያገኝም። ሚዲያኑ፣ ማለትም መሃል ላይ ያለው፣ 10,000 ነው። ባለ 500,000ውን አውጥታችሁ 12,000 ብትተኩበት ሚዲያኑ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አማካዩ ግን ተንከባሎ 10,000 ላይ ይወርዳል። ሚዲያን ሮባስት ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በሶፍትዌር በኩል የኢንተርኔትን መሠረት ከጣሉት አንዱ ጆን ፖስቴል በ1980 ያሰፈረው የሮባስትነት መርሕ አለ። ሐሳቡ በእኛ አፍ «ስትልክ ጠንቃቃ፣ ስትቀበል ቻይ ሁን» ነው። ስልክ ቁጥር በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ሰው ስሙን ቢጽፍ ሮባስት የሆነው ፕሮግራም «ቁጥር ያስገቡ» ይላል። ያልሆነው ይዘጋል። እዚህ ቦታ ላይ «ቻይ» የሚለው የእኛ ቃል ከ«ጠንካራ» የበለጠ ይመስለኛል። ቻይ ሰው ስንል የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ የሚቆም ሰው አይደል?

ዲፕሎማቶች «ሮባስት ውይይት» ሲሉስ?

ተጨቃጨቁ ማለት ነው። በተለይ እንግሊዞች «ሮባስት የሐሳብ ልውውጥ አደረግን» ካሉ፣ ጠረጴዛ ሳይመታ አልቀረም። «ጠንካራ ውይይት» ብላችሁ ከተረጎማችሁት አንባቢው ተስማምተው የተለያዩ ይመስለዋል። «የጋለ ክርክር» ወይም «ፊት ለፊት የተነጋገሩበት» በሉት።

በሰላም ማስከበር ደግሞ ትርጉሙ ይከብዳል። በ2000 በላክዳር ብራሂሚ የሚመራው ቡድን ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበው ሪፖርት ላይ ቃሉ ጎልቶ ወጣ። በሩዋንዳና በቦስኒያዋ ስሬብሬኒትሳ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ፣ ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀ ወታደር ሰው ሲታረድ ቆሞ ማየት የለበትም ከሚል ሐሳብ ነው። «ሮባስት» የተባለው ተልዕኮ ራሱንና ሲቪሉን ለመከላከል ኃይል መጠቀም የተፈቀደለት ነው። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአብዬ በ2011 በተቋቋመው ተልዕኮ ለዓመታት የሠራዊቱ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነበር፤ እሱም ሲቪሎችን በኃይል ጭምር የመጠበቅ ፈቃድ ነበረው። ስለዚህ ወንድምዎ ወይም አባትዎ እዚያ ከዘመቱ፣ ቃሉ መተኮስ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የወሰነ ቃል ነው።

ከሮቦት ወይም ከሮበርት ጋር ዝምድና አለው?

ከሁለቱም ጋር የለውም። ሮቦት የመጣው ከቼክኛ ነው፤ «ሮቦታ» የግዴታ ሥራ፣ ገባሩ ለጌታው በነፃ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። በ1920 ካሬል ቻፔክ በጻፈው ተውኔት ነው ወደ ዓለም የወጣው። ሮበርት ደግሞ በጥንቱ የጀርመን ዘር ቋንቋ ዝናው የሚያበራ ማለት ነው። ድምፅ መመሳሰል ዘመድ አያደርግም።

እውነተኛ ዘመዶቹስ እነማን ናቸው?

አንዱን ፍርድ ቤት ታገኙታላችሁ፤ «ኮሮቦሬት»። የምስክርን ቃል በሌላ ማስረጃ ማጠናከር ማለት ነው። ውስጡ «ሮቡር» አለ። አንድ ምስክር ብቻውን ይወድቅ ይሆናል፤ ከጎኑ ኦክ ያቆሙለታል። አማርኛም ያንኑ መንገድ ነው የሄደው። ከጠነከረ፣ አጠናከረ። ማንም ማንንም ሳይኮርጅ።

«ሮባስት» እና «ሬዚሊየንት» አንድ ናቸው?

አሁን አሁን በየፕሮጀክት ሰነዱ አብረው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ። ግን አይደሉም። «ሬዚሊየንት» በላቲን ወደ ኋላ ዘሎ መመለስ ከሚል ግሥ የመጣ ነው። ጎርፍ መጣ እንበል። የወይራው ግንድ ንቅንቅ ሳይል ያሳልፈዋል፤ ሮባስት ነው። ሸምበቆው መሬት እስኪነካ ይተኛል፣ ውኃው ሲያልፍ ቀና ይላል፤ ሬዚሊየንት ነው። አንደኛው ጉዳቱን አያስገባም። ሁለተኛው ተጎድቶ ያንሰራራል።

እዚህ ላይ እኛ ራሳችን ያጣመምነው ትርጉም አለ። በ2011 ይፋ የሆነው የአገራችን የአየር ንብረት ስትራቴጂ በእንግሊዝኛው «ሬዚሊየንት» ይላል። በአማርኛ ግን «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ተባለ፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። አለመበገር ማለት ግን ቦታን አለመልቀቅ፣ ጨርሶ እጅ አለመስጠት ነው። ያ የ«ሮባስት» ትርጉም ነው። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር ተበግሯል፤ ማንም ይህን ሊክደው አይችልም። እሱን «ሬዚሊየንት» የሚያሰኘው በሚቀጥለው ዝናብ ሁለት ፍየል ገዝቶ እንደገና መጀመሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲመጡብኝ እኔ «ሮባስት»ን «የማይበገር» እለዋለሁ፤ «ሬዚሊየንት»ን ደግሞ «ቢወድቅም የሚያንሰራራ»።